ሕግ ስለ መጨመርና ሕግ ስለ መቀነስ

አባቶቻችን «ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም» ይሉ ነበር። የማይረባ ነገር አንድ ጊዜ ሥር ከሰደደ በኋላ ለማስወገድ እጅግ የሚያስቸግር መሆኑን ይህ ተረት ያስረዳናል። እኔ ግን ተረቱን ጥቂት ላሰፋው እወዳለሁ። ሞኝ የተከለው ብቻ ሳይሆን ብልህ ራሱ በጊዜው አስቦ የተከለውም ቢሆን፥ ጊዜው ካለፈበት በኋላ የሚነቅለው ሰው አይገኝም። ይህንንም ከሁሉ ይልቅ በግልጥ የምናየው በሕግና በደንብ ነው። መንግሥታት፥ መሥሪያ ቤቶች፥ ትምህርት ቤቶችና ማኅበሮች በየዓመቱ አዲስ ደንብ ያወጣሉ፤ አሮጌውን ደንብ መርምረው የሚሽሩት ግን ከስንት አንድ ናቸው። ስለዚህ ደንብ እንደ ወንዝ ደለል በየዓመቱ ይደረባል እንጂ አይጠረግም። ሕግ አውጪዎች መጨመር የሚቀናቸው፥ መቀነስ ግን የሚከብዳቸው ስለ ምን ይሆን?

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጥ ይሁን። ሕግን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ሕግ ባይኖር ጉልበተኛው የድኻውን በሬ ከቀንበሩ ፈትቶ በወሰደ፥ ነጋዴውም የተበላሸውን እህል ከደኅናው ቀላቅሎ በሸጠ ነበር። ሕግ ለደካማ ሰው አጥሩ ነው። ነገር ግን አጥር በአጥር ላይ ሲደራረብ ባለቤቱ ራሱ ወደ ቤቱ የሚገባበትን በር ያጣል። ማርም ቢሆን ሲበዛ ይመራል።

የመጀመሪያው ምክንያት ከሰው ልቡና የሚመጣ ነው። በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2021 (በአውሮጳ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታችም የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ስለዚህ ነገር ያደረጉትን ምርመራ «ኔቸር» በሚባለው የሳይንስ መጽሔት አውጥተው ነበር። ሌጎ ከሚባለው የልጆች መጫወቻ ትንሽ ቤት ሠሩ፤ ጣራውም በማዕዘኑ በኩል በአንዲት ጡብ ብቻ የቆመ ስለ ነበረ ይወዛወዝ ነበር። ሰዎችን እየጠሩ «ይህን ጣራ ከባድ ነገር እንዲችል አድርጋችሁ አጽኑት» አሏቸው። ለሥራቸውም አንድ ዶላር ሊከፍሏቸው ተስማሙ፤ ነገር ግን ለሚጨምሩት ለእያንዳንዱ ጡብ 10 ሳንቲም ይቀነስባቸዋል። ያችን አንዲት ጡብ ቢያነሷት ጣራው ከበታቹ ባለው ሰፊ መሠረት ላይ ይቀመጣል፤ ምንም ወጪ የለበትም። እንዲህ ሆኖ ሳለ ጡቧን ያነሡት ሰዎች ከመቶ 41 ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ከኪሳቸው እየከፈሉ ጡብ ጨመሩ። ለሌሎች ሰዎች ግን «ጡብ ማንሣት በነጻ ነው» ተብሎ አስቀድሞ በተነገራቸው ጊዜ ያነሡት ከመቶ 61 ሆኑ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሰው መቀነስን የሚተወው ጠልቶት አይደለም፤ ከቶ ትዝ ሳይለው ይቀራል። ትዝ ያሰኙት እንደ ሆነ ብዙ ሰው መልካሙን መንገድ ያገኛል። እነዚሁ ተመራማሪዎች ለአንድ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የቀረበለትን የማሻሻያ ሐሳብ ሁሉ ቢመረምሩ፥ አንድ ነገር ይቅር የሚለው ሐሳብ ከመቶ 11 ብቻ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ሹሙ በወንበሩ ተቀምጦ «ይህን ችግር በምን ላቃናው?» ባለ ጊዜ፥ ብዕሩ ወደ አዲስ ወረቀት የሚሮጠው ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ ሰው ስለ ሆነ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ምስጋና ነው። ትምህርት ቤት የሠራ ሰው ሕንጻውን ያሳያል፤ አዲስ አዋጅ ያወጣም ሰው አዋጁን ያሳያል፤ ስሙም በጋዜጣ ይነሣል። አላስፈላጊ ደንብ የሻረ ሰው ግን የሚያሳየው ባዶ ቦታ ነው። በባዶ ቦታ ላይ ሪባን አይቈረጥም። ያ ደንብ ቢሻርለት ከወፍጮ ቤት በጊዜ የተመለሰው ገበሬም፥ ሱቋን በአንድ ቀን የከፈተችውም ሴት፥ ማን እንዳቃለለላቸው አያውቁትምና አያመሰግኑትም።

ሦስተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። ይህን በምሳሌ ላስረዳ። በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ነበረ እንበል። አንድ ቀን አንድ ሕፃን ሊገባበት ጥቂት ሲቀረው ተረፈ። ዲሬክተሩም በማግሥቱ «በምሥራቅ በኩል ማንም ተማሪ እንዳያልፍ» ብሎ ደንብ አወጣ። ደንቡ መልካም ነበረ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቧንቧ ገባ፤ ጉድጓዱም በድንጋይ ተሞልቶ ሣር በቀለበት። ደንቡ ግን በሰሌዳው ላይ እንደ ተለጠፈ ቀረ። ልጆቹ ወደ ክፍላቸው ለመግባት ግቢውን ዞረው ይሄዳሉ፤ በዚህ ምክንያት የሚዘገየው ይቀጣል፤ ቀጪው እንዳይደክምም አንድ ዘበኛ ተቀጠረ። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ አዲስ ዲሬክተር መጣና ሽማግሌውን ዘበኛ «አባባ፥ ልጆቹ በዚህ የማያልፉት ስለ ምን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ዘበኛውም «ጌታዬ፥ ዱሮ እዚህ ጉድጓድ ነበረ ይባላል» አለው። ዲሬክተሩ ሣቀ፤ ደንቡንም ሊሽር ብዕሩን አነሣ። ወዲያው ግን ቆም ብሎ አሰበ። «ደንቡን ብተወው ማንም አይወቅሰኝም። ብሽረውና አንድ ልጅ በዚያ በኩል ሲሮጥ እግሩ ቢሰበር ግን ወላጆቹ ሁሉ ‹ዲሬክተሩ የጥንቱን ደንብ ሽሮ ልጃችንን አሰበረው› ይሉኛል።» ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ።

ይህ ዲሬክተር ሞኝ አይደለም፤ ሒሳቡን ለራሱ በትክክል አስቧል። ደንብ በመጨመር የሚመጣው ጉዳት ለብዙ ሰው ተከፋፍሎ ስለሚደርስ ስም የለውም፤ ደንብ በመቀነስ የሚመጣው ጉዳት ግን አንድ ልጅ፥ አንድ ቀን፥ አንድ ተወቃሽ አለው። መቶ ልጆች በየቀኑ የሚያጡት አምስት አምስት ደቂቃ በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ የደንብ መብዛት ነገር የዕውቀት ጉድለት ብቻ ሳይሆን የልብ ድፍረትም ጉዳይ ነው፤ ሰው ለራሱ ደኅንነት ሲል የሌሎችን ድካም የሚንቅበት ጉዳይ ነው።

አራተኛው ምክንያት፥ ደንብ ሁሉ ከቆየ በኋላ የሚኖርበት ሰው ማግኘቱ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1815 አንድ የእህል ሕግ ወጣ። ሕጉ የአገሩ ስንዴ ዋጋ እጅግ ካልተወደደ በቀር ከውጭ አገር ስንዴ እንዳይገባ የሚከለክል ነበር። ባለ ርስቶቹ በዚህ ተጠቀሙ፤ የከተማው ሠራተኛ ግን ዳቦውን በውድ ዋጋ ገዛ። የሚጠቀሙት ጥቂቶች ስለ ነበሩ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ፥ በፓርላማም ወንበር አላቸው፤ የሚጎዱት ብዙዎች ስለ ነበሩ ግን የእያንዳንዱ ጉዳት ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነበር። በ1845 በአየርላንድ የድንች በሽታ ገብቶ ረኃብ ከተነሣ በኋላ፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል በ1846 ሕጉን አሻረ። ዋጋውንም ከፈለ። የሕጉ መሻር በላይኛው ምክር ቤት በጸደቀበት በዚያው ሌሊት፥ ከገዛ ወገኖቹ ብዙዎቹ በሌላ ጉዳይ ከድተውት በታችኛው ምክር ቤት ተሸነፈ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ሥልጣኑን ለቀቀ። ሕግ ጨምሮ ሥልጣኑን ያጣ ሹም ጥቂት ነው፤ ሕግ ቀንሶ ያጣ ግን ይኸውላችሁ።

በዚያው በእንግሊዝ አገር በ1865 የወጣ ሌላ ሕግ ነበረ። በእንፋሎት የሚሄድ ሠረገላ በገጠር በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ፥ በከተማ ደግሞ በ3 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲሄድ፥ አንድም ሰው ቀይ ባንዲራ ይዞ ከፊቱ በእግሩ እንዲቀድም ያዝዝ ነበር። በጊዜው ምክንያት ነበረው፤ እነዚያ ከባድ መኪናዎች ፈረሶችን ያስደነብሩ፥ መንገድም ያበላሹ ነበር። በ1878 ስለ ባንዲራው የተጻፈው ላላ። ነገር ግን ቀላሉ አውቶሞቢል ከተፈለሰፈ በኋላም ቢሆን ከፊት የሚቀድመው እግረኛ አልቀረም፤ ነጻ የወጣው በ1896 ነው። የእህሉም ሕግ የመኪናውም ሕግ እያንዳንዳቸው 31 ዓመት ኖሩ። አንድ ልጅ ተወልዶ፥ አድጎ፥ አግብቶ ልጅ የሚወልድበት ዘመን ነው።

አሁን ደግሞ ጉዳቱን እንመልከት። አንድ ሰው አህያውን ጭኖ ወደ ገበያ ሲሄድ ጎረቤቶቹ በየመንገዱ አገኙት እንበል። አንዱ አንድ ቁና እህል፥ ሁለተኛው አንድ ቅል ቅቤ፥ ሦስተኛው ጥቂት ጨው «እባክህ አድርስልኝ» አለው። እያንዳንዱም «የእኔዋ ምን ያህል ናት?» ይላል፤ እውነቱንም ነው። አህያዋ ዳገቱ ላይ በወደቀች ጊዜ ግን ጣልኋት የሚል አይገኝም። ከገጠር አንድ ወረቀት ለማስፈጸም ወደ ከተማ የሚመጣውም ባለጉዳይ እንደዚህች አህያ ነው። አንዱ ቢሮ አንድ ፊርማ፥ ሁለተኛው አንድ ማኅተም፥ ሦስተኛው ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ይጠይቀዋል። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ድምሩ ግን የሦስት ቀን ማደሪያና የመኪና ዋጋ፥ እርሻውም ጦም ማደሩ ነው። ባለጸጋው በወኪል ያስፈጽማል፤ የደንብን ብዛት ሸክም ሙሉውን የሚሸከመው ድኻው ነው።

ከዚህም የከፋ ጉዳት አለ። ደንብ ከመብዛቱ የተነሣ ሁሉን ጠብቆ መኖር የማይቻል በሆነ ጊዜ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ይሆናል። ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ከሆነ ደግሞ ማን ይከሰስ፥ ማን ይታለፍ የሚለውን የሚወስነው ሕጉ መሆኑ ቀርቶ ሹሙ ይሆናል። ያን ጊዜ ወዳጁን ያልፋል፥ ጠላቱን ይይዛል፥ ጉቦ የሰጠውንም ይለቃል። እንግዲህ ሰውን ከሰው ፈቃድ ነጻ ለማውጣት የተሠራው ሕግ፥ በብዛቱ ምክንያት ሰውን መልሶ በሰው ፈቃድ ሥር ይጥለዋል። የማይጠበቀውን ደንብ መናቅ የለመደ ሕዝብም መልካሙን ሕግ መናቅ ይማራል።

«እንግዲያስ ሁሉን እንሻር» የሚል ችኩል አንባቢ ቢኖር ይታገሥ። በእንግሊዝ አገር መንግሥት ከ2011 ጀምሮ በነጋዴዎች ላይ ወጪ የሚያስከትል አንድ ደንብ ሲጨመር ተመጣጣኝ የሆነ አንድ ይቀነስ አለ፤ በ2013 ሁለት፥ በ2016 ሦስት ይቀነስ አለ። ሰኔ 14 ቀን 2017 በለንደን ግሬንፌል የሚባለው ባለ 24 ፎቅ የመኖሪያ ሕንጻ፥ በሚቀጣጠል ነገር ተለብጦ ስለ ነበረ፥ በአንድ ሌሊት ነደደ፤ 72 ሰዎችም ሞቱ። ጉዳዩን የመረመረው ጉባኤ በ2024 ባወጣው የመጨረሻ ዘገባው፥ ደንብ የመቀነስ ጉጉት የሚመለከተውን ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አሳብ ስለ ያዘው፥ የሰውን ሕይወት የሚነኩ ነገሮች እንኳ ችላ ተብለው ወይም ዘግይተው እንደ ነበር ገለጠ። ስለዚህ በቍጥር ብቻ መቀነስ ጥበብ አይደለም። በቍጥር የሚቀንስ ሰው፥ ፍሬ ያለውንም የደረቀውንም ቅርንጫፍ ሳይለይ እንደሚገነድስ አትክልተኛ ነው።

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጂ. ኬ. ቼስተርተን በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ የሚሆን መልካም ምሳሌ ሰጥቷል። በመንገድ ላይ አጥር አግኝቶ «ጥቅሙ አይታየኝምና ላፍርሰው» የሚልን ሰው፥ ብልህ ባልንጀራው አይፈቅድለትም። አጥሩ ለምን እንደ ቆመ ሄዶ እንዲመረምር፥ ምክንያቱን አውቆ በተመለሰ ጊዜ ግን ምናልባት እንዲያፈርስ ይነግረዋል። ብዙ ሰዎች ይህን ምሳሌ ምንም ነገር እንዳይነካ ማመካኛ ያደርጉታል፤ ምሳሌው ግን መርምር አለ እንጂ ተወው አላለም። የትምህርት ቤቱ አዲስ ዲሬክተር ምክንያቱን ጠየቀ፤ ጉድጓዱም የተሞላ መሆኑን አወቀ። ከዚያ በኋላ የጎደለው ጥበብ ሳይሆን ድፍረት ነበረ።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? የጥንት ሰዎችም አስበውበታል። የግሪኩ ተናጋሪ ዴሞስቴንስ እንደ ተረከው፥ በሎክሪስ ሰዎች ዘንድ አዲስ ሕግ የሚያቀርብ ሰው አንገቱን በገመድ ሸምቅቆ ይቀርብ ነበር፤ ሕጉ ከተወደደ በሕይወት ይሄዳል፥ ካልተወደደ ገመዱ ይሳባል። ይህ አዲስ ሕግን ሊያሳንስ ይችላል። ነገር ግን ገመዱ ሕግ ጨማሪውንና የነበረውን ሕግ ለዋጩን አይለይም፤ ስለዚህ አሮጌው ስሕተት ደኅና ሆኖ ይኖራል።

ከዚህ የተሻለው ለሕግ ዕድሜ መስጠት ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ክፍለ አገር በ1976፥ ቴክሳስም በ1977፥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚያበቁበት ቀን አስቀድሞ እንዲወሰን አደረጉ፤ ቀኑ ሲደርስ ምክር ቤቱ መርምሮ ካላደሰው መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል። እንግዲህ በዚያ አገር ድካሙ የሚወድቀው በሚሽረው ላይ ሳይሆን ይኑር በሚለው ላይ ነው። ሌላው መንገድ የሚቀንስ ሰው መሾም ነው። በእንግሊዝ አገር በ1965 የቆመው የሕግ ኮሚሽን ከሥራዎቹ አንዱ ያረጁ ሕጎችን ለይቶ እንዲሻሩ ማቅረብ ነው፤ በዚህም ድካም ከ3000 በላይ ሕጎች ተሽረዋል። ሦስተኛው መንገድ መቍጠር ነው። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ አገር በ2001 ደንቦቹ ዜጋውን የሚያዙትን ግዴታ አንድ በአንድ አስቈጥሮ፥ በሦስት ዓመት ከሦስት አንዱን ለመቀነስ ተነሣ፤ ካሰበውም በላይ ቀነሰ።

በአገራችንም ለዚህ ምሳሌ አይጠፋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 3347 ላይ፥ በውስጡ ስለ ተደነገጉት ነገሮች ቀድሞ የነበረውን ልማድና ደንብ ሽሯል። በ2001 ዓ.ም. የወጡት ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ስለ ፀረ ሽብር የተደነገጉት አዋጆች ብዙ ወቀሳ ከደረሰባቸው በኋላ አንዱ በ2011፥ ሁለተኛው በ2012 ዓ.ም. ተሽረው በሌላ ተተክተዋል። ነገር ግን ከአዋጆቻችን ብዙዎቹ በመጨረሻቸው፥ ይህን አዋጅ የሚቃረን ማናቸውም ሕግ አይሠራም የምትል አንቀጽ አለቻቸው። ይህች አንቀጽ የቀነሰች ትመስላለች፤ እውነቱ ግን የትኛው እንደ ተሻረ ሳትነግረው አንባቢውን ወደ ነጋሪት ጋዜጣ ክምር ትሰደዋለች። የተሻረውን በስሙ ጠርቶ መሻር ድካም አለበት፤ ዳሩ ግን ያ ድካም የሕግ አውጪው እንጂ የገበሬው ሊሆን አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ምሳሌ ግን በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 15 የተጻፈው ነው። ከአሕዛብ ወገን ያመኑት ሰዎች የሙሴን ሕግ ሁሉ ይጠብቁ ወይስ አይጠብቁ ብለው ሐዋርያትና ሽማግሌዎች በኢየሩሳሌም ተሰበሰቡ። ሕጉን ሁሉ ጠብቀው ያደጉ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉን ጫኑባቸው ብለው ቢፈርዱ ማንም አይነቅፋቸውም ነበር። ጴጥሮስ ግን ተነሥቶ እኛም አባቶቻችንም ልንሸከመው ያልቻልነውን ቀንበር በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ ስለ ምን እንጭናለን ብሎ ተከራከረ። ጉባኤውም ከአራት ነገር በቀር ሌላ ሸክም ላለመጫን ወሰነ። ጴጥሮስ ሕጉን የመዘነው በወረቀት ላይ ባለው መልኩ ሳይሆን በራሱ ትከሻ በቀመሰው ክብደት መሆኑን ልብ በሉ። ደግሞም አራቱን አስቀረ እንጂ ሁሉን አልጣለም።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፥ ነገ ከእናንተ አንዱ ሹም፥ አንዱ ዲሬክተር፥ አንዱ የማኅበር ጸሐፊ ይሆናል። ችግር ባጋጠማችሁ ጊዜ ብዕራችሁ ወደ አዲስ ደንብ ሳይሮጥ፥ ይህን ችግር ያመጣው ከነበሩት ደንቦች አንዱ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አሮጌ ደንብ ስታገኙ ጉድጓዱ አሁን መኖሩን በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ። ጉድጓዱ ካለ ደንቡን አጽኑት፤ ሰው ቢያጕረመርምባችሁም አትተዉት። ጉድጓዱ ከተሞላ ግን ሻሩት፤ ስለ መሻሩም በስማችሁ ፈርሙ። የሚያመሰግናችሁ ሰው አይገኝ ይሆናል። ልጆቹ ግን በአቋራጩ በጊዜ ወደ ክፍላቸው ይገባሉ።